ስለ ትል የተጻፈው ምዕራፍ

ሠዓሊዋ የምትሥላቸውን ፍጥረታት ሁሉ ትጸየፋቸው ነበር። ዝንብ ትሥላለች፤ ዝንብ ስታይ ግን ሆዷ ይገለበጣል። ቀንድ አውጣ ትሥላለች፤ ቀንድ አውጣው የተሳበበትን ዝልግልግ መስመር ያየች ዕለት ምሳ በጉሮሮዋ አይወርድም። አልቅት፣ በረሮ፣ መዥገር፣ እበት የሚያንከባልል ጥንዚዛ፣ ብቻ ሌላው ሰው በጫማው ጨፍልቆት የሚያልፈው ነገር ሁሉ የእሷ መተዳደሪያ ሆኖ አረፈው።

አሳታሚ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች «እሜቴ ይቀፈኛል» የሚል ስም አውጥተውላታል። በጠርሙስ የመጣላትን ነገር ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታይና «ኤጭ! ኧረ ይቀፈኛል!» ብላ ወደ ኋላዋ ትፈናጠራለች። ሄዳ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ ሳትነካው እኮ ነው። ከዚያ ተመልሳ ትመጣና ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ፣ አፍንጫዋ ጠርሙሱን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው አጎንብሳ፣ እስኪመሽ ቀና አትልም። የምትሠራበት ክፍል ከመጽሐፍ መጋዘኑ ጎን ያለች አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች። አልኮልና ቀለም ትሸታለች፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ሠዓሊዋ ስሙን መጥራት የማትወደው ሌላ ሽታ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ከበሩ ውጪ ቆማ፣ መጥረጊያውን እጇ እስከሚደርስበት ዘርግታ ነበር የምትጠርግላት።

ለዚህ ሥራ ያበቋት አንድ መምህር ናቸው። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጸሎት የሚያበዙ፣ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር በክብሪት ቀፎ ይዘው የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ሰው ስለሚጸየፋቸው ፍጥረታት መጽሐፍ ሊጽፉ ተነሥተው ሠዓሊ ሲያፈላልጉ፣ የመጣው ሁሉ ቢራቢሮና አበባ ይዞ መጣ። እሷ ግን የያዘችው የበረሮ ሥዕል ነበር። ማእድ ቤቷ ውስጥ ያየችው በረሮ እንቅልፍ ቢነሣት፣ ሥላው ከጭንቅላቷ ልታወጣው ብላ የሠራችው ነው። መምህሩ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ አዩት።

«ጠልተሽዋል» አሏት።

«እንዴት አልጠላው! ያቅለሸልሻል እኮ።»

«ደግ። ሰው የወደደውን ሲሥል ያቆነጀዋል። አንቺ ግን የእግሩን እሾህ እንኳ አንድም አላስቀረሽም። ነገ ጀምሪ።»

እንዲህ ሆኖ መጽሐፉ ተሠራ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ስለ አንድ ፍጥረት ነው። መምህሩ ፍጥረቱ ምን እንደሚሠራ ይተርካሉ፣ ሰው ስለሱ መርምሮ የደረሰበትን ይጽፋሉ፣ በመጨረሻም ሁልጊዜ «እስከዚህ አውቀናል፤ ከዚህ ወዲያ አላወቅንም፤ የሠራው ይመስገን» ብለው ይዘጋሉ። ሌላ ስብከት የለም። ልጆች መጽሐፉን «ኤጭ» እያሉ እየተሻሙ አነበቡት። ትልልቆቹ ለልጅ ነው የገዛሁት እያሉ ራሳቸው ጨረሱት። በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠርዙ በጣት እድፍ ጠቁሮ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ በማጣበቂያ ተለጥፎ ይገኝ ነበር።

ሠዓሊዋን ከሁሉ በላይ ያሠቃያት ስለ ትል የተጻፈው ምዕራፍ ነው። መምህሩ አንድ ቁራጭ ሥጋ በጠርሙስ አድርገው መስኮቷ ላይ አስቀመጡላት፤ ከቀናት በኋላ ሥጋው ራሱ የሚተነፍስ መሰለ። ትሎቹ እንደሚፈላ ሩዝ አንዱ በአንዱ ላይ እየተገለበጡ ይንተከተካሉ። ሠዓሊዋ እቃ ማጠቢያው ላይ ተደፍታ አስመለሳት፣ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ተመልሳ ተቀምጣ ሣለች። እንደገና አስመለሳት፤ እንደገና ሣለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሩዝ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ሥዕሉ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የበለጠ ሆነ። መምህሩ ሲያዩት ቆባቸውን አውልቀው «እንዴት ያለ ነገር ነው» ብቻ አሉ፤ ስለ ሥዕሉ ይሁን ስለ ትሉ አልገባትም።

መምህሩ ባረፉ በዓመቱ አሳታሚው መጽሐፉን አድሶ ሊያወጣ ተነሣ። አሳታሚው ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ፣ ሰው ሲያናግር ክንድ የሚይዝ፣ ሁሉን «ልጄ» የሚል ሰው ነው። ሠዓሊዋ ያ የሚይዛት እጅ ሁልጊዜ ላብ ላብ ስለሚለው ትጸየፈው ነበር እንጂ በሰውየው ላይ ሌላ ቂም አልነበራትም።

«ልጄ፣ ዘመኑ ተለውጧል» አላት አንድ ቀን። «ሰው መጽሐፍ የሚገልጠው መንፈሱ እንዲታደስ ነው። ትል አይቶ መንፈሱ የሚታደስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ትሉን እናውጣውና በሱ ቦታ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናስገባ። ዝንቧንም ብትችይ ዓይኗ ላይ ሽፋሽፍት ብጤ አድርጊላት።»

«ዝንብ? ሽፋሽፍት?»

«ትንሽ ፈገግ ብትልም አይከፋም።»

ሠዓሊዋ ዝንቧን ፈገግ አላሰኘቻትም። በትሉ ቦታ ግን የእሳት ራት ሠርታ ሰጠች። እሷንም ጠልታት ነው የሣለቻት፤ ያንን ወፍራም ጠጉራም ሆዷን፣ ጣት ላይ የሚቀረውን የክንፏን ብናኝ፣ መብራት ላይ እየተላተመች የምታሰማውን ድምፅ ጭምር። ቡናማዋ ክንፍ ላይ የተዘበራረቀ ነጠብጣብ ነበረ፤ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ሰጥታ ወጣች፣ ረሳችው።

ዳግመኛ ያየችው እህቷ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ የምትኖርበት ክፍል የምትሠራበትም ነው። በአንዱ ጥግ አልጋዋ፣ መስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ በየሚስማሩ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ቀሚሶች። ሠዓሊዋ በሩን አልፋ ሳትቀመጥ እህቷ ከመኪናዋ ላይ ሆና ወደ ግድግዳው ጠቆመቻት።

«አንቺ ሚጣ! ይሄን ሥለሽ ለኔ ሳትነግሪኝ?» ሠዓሊዋ ጠጉሯ ሸብቷል፤ ለእህቷ ግን ዛሬም ሚጣ ናት። «ከመጽሐፉ ጋር ነው የመጣው። ዕድሜሽን ሙሉ ስታንገሸግሺን ኖረሽ ዛሬ ገና አንድ ደስ የሚል ነገር ሣልሽ።»

የእሷ የእሳት ራት ናት። እያንዳንዷ ጠጉር የእሷ ናት። ግራ ክንፏ ላይ ግን ነጠብጣቦቹ ተገፍተው፣ ተጎትተው፣ «አምላክ አለ» የሚል ጽሑፍ ሆነዋል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ ይህች የእሳት ራት በአንድ ሩቅ ጫካ ውስጥ እንደተገኘችና ሊቃውንትን እንዳስደነገጠች ይተርካል። ሠዓሊዋ የገዛ ጥርሷን በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ያየች መሰላት።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ።

«ምንም። ጸሐዩ ነው።»

እህቷ ቀጠለች። «ስኳሩ እያዞረኝ ጠዋት መነሣት ያቅተኝ ነበር። አሁን ዓይኔን ስገልጥ እሷን አያለሁ፣ እነሣለሁ። አያስደንቅም? ትንሽ የእሳት ራት!»

ሠዓሊዋ በማግስቱ አሳታሚው ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ክንፏ ላይ ማን ነው የጻፈው?»

«እ፣ እሱ... ኮምፒውተር ላይ ያሉት ልጆች ትንሽ አሳመሩት።»

«ትንሽ? ይቺ የእሳት ራት መጻፍ ችላለች እኮ! ያውም ሩቅ ጫካ ተወልዳ በኛ ፊደል! ማን አስቆጠራት?»

አሳታሚው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ። ምኑ ነው ውሸቱ? አምላክ የለም ልትይኝ ነው?»

«አለ። ስላለ ነው የሚያንገሸግሸኝ። እሱ የሠራው ክንፍ አልበቃ ብሏችሁ ሞነጫጨራችሁበት።»

«ስንት ሰው በሥዕሉ እንዳለቀሰ ብታውቂ እንዲህ አትይም። አንድ አዛውንት እዚህ ድረስ መጥተው እጄን ስመውኛል።»

«ታዲያ እጅዎን ታጥበውታል?»

የአሳታሚው ፊት ጠቆረ። ከእንግዲህ እዚህ የምትሠራ ከሆነ አንደበቷን እንድትገራ ነገራት። እሷም ከእንግዲህ እዚህ እንደማትሠራ፣ ስሟንም ከሽፋኑ እንዲያነሣላት ነገረችው። መጽሐፉ ታትሞ መሰራጨቱን፣ ስም ማንሣት እንደማይቻል በረጋ ድምፅ መለሰላት፤ ከቢሮው ስትወጣም ልማድ ሆኖበት ክንዷን ያዝ አደረጋት። ብሩሾቿንና ማጉያዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ የተያዘ ክንዷን በቀሚሷ እየጠረገች ነበር።

ለእህቷ ግን አልነገረቻትም። ዛሬ እነግራታለሁ ብላ ትሄዳለች፤ እህቷ ዓይኗን ወደ ግድግዳው ጣል አድርጋ ፈገግ ስትል ሌላ ወሬ ታነሣለች። ስትመለስ መንገድ ላይ ራሷን ትጸየፋለች። አሳታሚውን ደፍሬ የተናገርኩ ሴት እህቴን ፈራሁ እያለች ታጉተመትማለች፤ እንደገናም ትሄዳለች፣ እንደገናም ዝም ትላለች።

በዚህ መካከል መርፌው መጣ። የስኳር ሕመም የያዘው ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ የእህትየውም እግር ደንዝዞ ነበር። ከጨርቅ ላይ የወደቀ መርፌ ነጠላ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ፣ እሷም ሳይሰማት ቀኑን ሙሉ መኪናውን ስትረግጥበት ዋለች። ማታ ልታወልቀው ስትል ነው ካልሲዋን በደም ተረከዟ ላይ ተጣብቆ ያገኘችው። በጨርቅ ጠቅልላ ለማንም ሳትናገር ዝም አለች።

ሠዓሊዋ ያወቀችው በአፍንጫዋ ነው። እህቷ ክፍል ስትገባ ሁልጊዜ የሚቀበላት የአዲስ ጨርቅና የማሽን ዘይት ሽታ ነው። ያን ዕለት ከሱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ፤ ጣፈጥ የሚል፣ ከባድ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ። ወዲያው ለየችው። የጠርሙሱ ሽታ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ጠርሙስ የለም።

«እትዬ፣ እግርሽን አሳዪኝ።»

«ምን ሆነሻል? ተቀመጪ ይልቅ።»

«አሳዪኝ አልኩሽ!»

ጨርቁን ስትፈታው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ እየተላጠ መጣ። ተረከዟ ተቦርቡሯል። ዳሩ ጥቁር፣ መሃሉ ቢጫና አረንጓዴ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት የሚልፈሰፈስ ነገር። ሠዓሊዋ ደጅ ወጥታ ቦዩ ላይ ተደፋች። ከዚያ አፏን ጠራርጋ ተመልሳ ገባች፣ እህቷን ደግፋ አስነሣቻት፣ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ሐኪሟ ወጣት፣ ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። ቁስሉን ስታይ ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ሠዓሊዋ በዚህ ተደነቀች፣ ትንሽም ቀናችባት።

«እማማ፣ ይሄ የሞተ ሥጋ ነው» አለች ሐኪሟ። «እሱ እያለ ቁስሉ አይድንም። በቢላ እንዳልጠርገው ሙቱና ደህናው ተቀላቅሏል፤ ልብዎም ረጅም ቀዶ ጥገና አይችልም። ሁለት መንገድ ነው ያለን። አንደኛው እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መቁረጥ ነው። ሁለተኛው ትል ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ትል። ለሕክምና ተብሎ በንጽሕና የተፈለፈለ የዝንብ ትል። በስስ ከረጢት አድርገን ቁስሉ ላይ እናስራለን። የሞተውን ይበላል፣ ደህናውን ይተዋል። ከዚያ አንሥተን እንጥለዋለን።»

እህትየው ከአልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ስሚኝ ልጄ። ትል የመቃብር ነው። ተራዬ ሲደርስ እሱም እንደፈለገው ያድርገኝ፣ አልከለክለውም። አሁን ግን ገና ልብስ እየሰፋሁ ነው። በቁሜ አልበላም!»

ሠዓሊዋ ጥግ ላይ ቆማ ልቧ በሙሉ ከእህቷ ጋር ነበረ። እውነትሽን ነው እትዬ፣ ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው ልትል ከንፈሯ ድረስ መጥቶላት ነበር። ጀርባዋ ላይ አንድ ነገር የሚሄድባት እየመሰላት ትከሻዋን ታክካለች። ከዚያ የሐኪሟን ዓይን አየች፤ እግሩን አየች፤ ቃሉን ተወችው።

ቤት ሲደርሱ እህትየው አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ስሙን በእሳት ራት ክንፍ ላይ የጻፈ አምላክ የኔን ተረከዝ መድፈን ያቅተዋል? እጠብቀዋለሁ። ተአምር የሚሠራ ጌታ በትል አይሠራም።»

ያኔ ሠዓሊዋ ነገሩ ከዝምታ በላይ እንደሆነ ገባት። አሁን ያቺ ክንፍ የእህቷን እግር ልትበላ ነው፤ ደህናውንና የሞተውን ሳትለይ።

«እትዬ፣ ሥዕሏን እኔ ነኝ የሣልኳት።»

«አውቃለሁ። ምን ልትይ ነው?»

«ክንፏ ላይ ጽሑፍ አልነበረም። ከኔ እጅ ስትወጣ ነጠብጣብ ብቻ ነበረባት። አሳታሚው ነው ያስጻፈባት። ጫካውም የለም፣ የደነገጡት ሊቃውንትም የሉም። ያቺ የእሳት ራት የተገኘችው የኔ በረንዳ አምፖል ላይ ነው።»

እህትየው በቀስታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እዚህ እየመጣሽ፣ ከኔ ጋር እየተቀመጥሽ፣ በልብሽ እየሳቅሽብኝ?»

«አልሳቅሁም እትዬ። እሱስ ያስታውከኝ ነበር።»

«ውጪልኝ» አለቻት እህቷ። «እሱ ውሸታም ነው፤ አንቺ ግን እህቴ ነሽ። ውጪልኝ ከቤቴ።»

ወጣች። ስትደውል አይነሣላትም፤ ደጃፉ ድረስ ሄዳ የስፌት መኪናውን ድምፅ ትሰማና ሳታንኳኳ ትመለሳለች። ድምፁ እየቆየ፣ እየተቆራረጠ ነበር የሚሰማው።

በሩን ያስከፈተው ሌላ ሰው ነው። አንዲት ሴት ለልጇ ያሰፋችውን የሙሽራ ቀሚስ ልትወስድ መጣች። እህትየው በሕይወቷ ከሰፋችው ሁሉ ትኮራበት የነበረ ቀሚስ ነው፤ ደረቱ በሙሉ በእጅ የተጠለፈ። ሴትዮዋ ገና ከመግባቷ አፍንጫዋን በመሃረብ ያዘች። ቀሚሱን ተቀብላ አሸተተችው። ሌላ ቃል ሳትናገር ወንበሩ ላይ መልሳ አስቀመጠችውና ወጣች።

እህትየው ያን ቀሚስ አንሥታ ራሷ አሸተተችው። ከዚያ ስልኩን አነሣች።

«ሚጣ፣ ያ ሰውዬ ከመጽሐፉ ያወጣው ምዕራፍ ስለ ትል ነበር አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«ይዘሽው ነይ። ሐኪሟ የምትለው አልገባኝም፤ አሁን ደግሞ ማንን እንደማምን አላውቅም። የመምህሩን ልስማ።»

ሠዓሊዋ ሽፋኑ የተገነጠለውን የድሮውን መጽሐፍ ይዛ ሄደች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ በአፏ እየተነፈሰች፣ የገዛ ሥዕሏን ላለማየት ዓይኗን ከመስመሩ ሳታነሣ አነበበችላት። ይህ ትል ጥርስ የለውም ይላሉ መምህሩ፤ አፉ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ መንጠቆዎች ናቸው። ከአፉ በሚያወጣው ፈሳሽ የሞተውን ሥጋ አሟሙቶ ይመጠዋል፤ ያው ፈሳሽ ደህናውን ሥጋ እምብዛም አይነካውም። በጦር ሜዳ ቆስለው ቀናት ሙሉ ሜዳ ላይ የወደቁ፣ ቁስላቸው ትል ያፈራባቸው ወታደሮች ትል ካልነካቸው ይልቅ ድነው መገኘታቸውን ሐኪሞች አይተው ተገርመዋል። እስከዚህ አውቀናል፤ ከዚህ ወዲያ አላወቅንም፤ የሠራው ይመስገን።

እህትየው ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ቆየች። «ይሄን አውጥተው ነው ያቺን ያስገቡት?»

«አዎ።»

«ሰዎቹ ምን ነክቷቸዋል? ቱ!» አለች፤ እውነትም ወደ ግድግዳው በኩል እንትፍ አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ሥዕሉን አሳዪኝ።»

አሳየቻት። እህትየው አፈጠጠችበት፣ ፊቷን አጨማደደች። «ኤጭ! እንዴት ያለ አስጠሊታ ነገር ነው! ይሄንን ነው እግሬ ላይ የሚያስሩብኝ?»

«ይሄንኑ ነው።»

«አንቺ አብረሽኝ ትቀመጫለሽ። እኔ እየተበላሁ አንቺ ደጅ ሆነሽ አትጠብቂኝም።»

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነርሷ ከረጢቷን በትሪ ይዛ መጣች። ሻይ ቅጠል እንደሚገባባት ዓይነት ስስ ከረጢት ናት፤ ውስጧ እንደ ክር ቁራጭ የቀጠኑ ነጫጭ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ሠዓሊዋ አንድ እጇን ለእህቷ ሰጥታ በሌላው አፏን ይዛ ቆመች። ነርሷ ከረጢቷን ቁስሉ ላይ አስተኝታ በፋሻ ስታስራት የሕመምተኛ መቀመጫ ወንበር የመጣው ለሠዓሊዋ ነበር።

እህትየው አልጋ ይዛ ቀናቱ አለፉ። መጀመሪያ ምንም አይሰማኝም ትል ነበር። ከዚያ ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ ነገር ይሰማኛል አለች፤ ለዓመታት ምንም ያልተሰማት እግር ነውና ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እህትየው ምሳ ሲመጣላት «እንግዶቼስ በልተዋል?» ትላለች። ከጎኗ የተኛችው ሕመምተኛ አልጋ እንዲቀየርላት ለመነች። ሠዓሊዋ ለራሷ የምታመጣው ምግብ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀመስ ወደ ቤቷ ይመለስ ነበር።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ሽታው መጣና የሠዓሊዋን ፊት በጥፊ መታው። እንደ ክር የገቡት ትሎች እንደ ባቄላ ፍሬ ወፍረው፣ ጠግበው፣ እርስ በርስ ተደራርበው ወጡ። ሠዓሊዋ ወደ ማጠቢያው ሮጠች። ስትመለስ ሐኪሟ ቁስሉን በውሃ እያጠበች ነበር፤ ከሥሩ ያ አረንጓዴ ነገር የለም። ቀይ ነው፤ ንጹሕ፣ እርጥብ፣ የሚደማ ቀይ።

«ይሄ ሕያው ሥጋ ነው» አለች ሐኪሟ።

ሠዓሊዋ አጎንብሳ አየች። አፏ ውስጥ ገና የትውከቱ ኮምጣጣ አለ፤ ዓይኗ ውስጥ ደግሞ እንባ ሞልቷል። የቱ ለየቱ እንደሆነ መለየት አልቻለችም፣ ልትለየውም አልሞከረችም። ያን ሁሉ ዓመት የጠላችው ፍጥረት አሁንም ያስጠላታል፤ ቅንጣት ታክል አልወደደችውም። ግን አየችው።

ሕክምናው አንድ ጊዜ ተደገመ። እግሩ ተረፈ። እህትየው ታንከስ ታንከስ እያለች ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ አሁን በደህናው እግሯ ብቻ ነው የምትረግጠው። የእሳት ራቷን ሥዕል ከግድግዳው ላይ አውርዳ፣ ወረቀቱ ጠንካራ ስለሆነ የአንገትጌ መቁረጫ ልክ አድርጋ ቆረጠችው። የሙሽራ ቀሚሱን አጥባ፣ አስጥታ፣ ለሌላ ሙሽራ አሳልፋ ሰጠች።

አሳታሚው ምንም አልሆነም። መጽሐፉ ዛሬም ይሸጣል። ሠዓሊዋ ሥዕሏን ዳቦ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ታክሲ መስታወት ላይ፣ የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ታገኘዋለች፤ ባየችው ቁጥር ያቅለሸልሻታል። አንድ ጊዜ ለዳቦ ሻጩ ነገሩ ሐሰት መሆኑን፣ ሥዕሉን ራሷ እንደሠራችው ነገረችው። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አያትና «አንቺ ነሽ ከሊቃውንት የበለጥሽው?» ብሎ ዳቦዋን ሰጥቶ አሰናበታት። ሐኪሟ ግን ሕመምተኞች ትል ሲባሉ እንዳይሸሹ በሥዕል ማስረዳት እንደምትፈልግ ነግራት፣ ሠዓሊዋ አሁን የምትሠራው ለእሷ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የቁስልና የትል ሥዕል ብቻ ነው ያለው። ሥራው ያንገሸግሻታል። ጠዋት ጠዋት ሳታጉረመርም አትጀምረውም።

እህትየው መራመድ እንደቻለች ወደ ጸሎት ቤት የሄደችበት ቀን ሰው ሁሉ እየሳመ እንዴት እንደዳነች ጠየቃት። ደረጃው ላይ ከዘራዋን ተደግፋ ቆማ ትነግራቸው ጀመር። ከረጢቷን፣ የትሎቹን መርመስመስ፣ ውፍረታቸውን፣ ሽታውን፣ አንዱንም ሳታስቀር፤ ጣቶቿን በአየር ላይ እያርመሰመሰች። ብስኩት ትበላ የነበረች አንዲት ሴት የቀረውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። አንዱ አዛውንት «ኧረ በፈጣሪ፣ በዚህ ቦታ!» አሉ። ሌሎቹ ግን ፊታቸውን እያጨማደዱ ቀረብ ቀረብ አሉ፤ «ኤጭ! እና ከዚያስ?» ይላሉ።

«ከዚያማ» አለች እህትየው፣ «ደህናውን አልነኩትም። ዓይን የላቸው፣ ጥርስ የላቸው፣ ግን አልነኩትም። ማን ነገራቸው? ሚጣ፣ ነይ እስቲ ንገሪያቸው!»

ሠዓሊዋ መሃረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ከሰዉ ርቃ በሩ ጥግ ቆማ፣ እንሂድ እንሂድ እያለች በእጇ ትጠራት ነበር። እህቷ ግን ገና ወደ ሁለተኛው ከረጢት መግባቷ ነበር።